ደመወዟ በአጎቷ ሒሳብ ስለሚገባው ልጅ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያለኝ እናት ነኝ። ልጄ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ያረፈችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ነው። ሥራ አግኝታለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ደመወዟን በቼክ ይሰጧታል። ባንክ ሄዳ ሒሳብ ልክፈት ስትል ‹ሶሻል የሚሉት የመንግሥት መለያ ቁጥር ከሌለሽ አይሆንም› ብለው መለሷት። ስለዚህ ቼኩን ከጀርባው ፈርማ ለአጎቷ ትሰጠዋለች፣ እሱ በራሱ ሒሳብ ያስገባና ስትፈልግ በጥሬው ይሰጣታል። አሁን ደግሞ ዕቁብም በስሜ ትግባ ብሏል። ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው፤ አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ልጄ ግን ባለፈው ስትደውል ‹እማዬ፣ የራሴን ገንዘብ ስጠይቅ እያፈርኩ ነው› አለችኝ። ያለ ሶሻል በእውነት አይቻልም? ለእሱስ ሳይቀየም ምን ልበለው?»
የልጅ እናት፣ ከሐዋሳ

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ የሄደው ወደ ሶሻሉ ነበር። በሁለተኛው ግን ያቺ የልጅዎ ቃል ያዘችኝ። ወደ ሐዋሳ ከመመለሴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሜሪላንድ ነበርኩ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት እንደ ልጅዎ በሰው ሒሳብ ነው የኖርኩት። ገንዘቡ የራስ ነው፤ ሆኖም የጫማ መግዣ ለመጠየቅ እራት ተበልቶ ሰዎቹ ሳቅ ሳቅ እስኪላቸው ይጠበቃል። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረኝም። አንገት ግን በራሱ ጊዜ ይደፋል።

ስለዚህ ከመልሱ ልጀምር፦ ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ለልጅዎ ስለሆነ በቴሌግራም ይላኩላት፤ ስለ ወንድምዎ ያለውን ግን እርስዎ ያንብቡት።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ባንክ ለግለሰብ ሒሳብ ሲከፍት የግድ መያዝ ያለበት አራት ነገር ነው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና መለያ ቁጥር። ይህን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፓትሪዮት አክት የሚባለው ሕግ ነው። መለያ ቁጥሩ ለአሜሪካ ዜጋ ሶሻል ሊሆን ግድ ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን የፓስፖርት ቁጥርና ፓስፖርቱን የሰጠው አገር ስም ይበቃል። ልጅዎ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖራትም ገና ዜጋ አይደለችም፤ በሕጉ በኩል የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ በቂ ነው።

ታዲያ ለምን መለሷት? ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው፤ ባንኩ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላል፣ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ። አንዱ ባንክ የሚከለክለውን ከመንገዱ ማዶ ያለው ይፈቅዳል። አንዳንዴማ እዚያው ባንክ ውስጥ አንደኛዋ ሠራተኛ የማታውቀውን ሁለተኛዋ ታውቀዋለች። በኢንተርኔት የሚሞላው ቅጽ ደግሞ ዘጠኙ የሶሻል አኃዝ ካልገባ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም፤ ሰው አይደለም፣ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ በአካል ትሂድ፣ ቀጠሮ ይዛ ትሂድ፣ ገና ስትቀመጥም «ዜጋ አይደለሁም፣ በፓስፖርት መክፈት እፈልጋለሁ» ትበል። «ሶሻል የለኝም» ብላ ከጀመረች ንግግሩ እዚያው ያልቃል። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አማርኛ የሚናገር የባንክ ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ቀጠሮ ስትይዝ ትጠይቅ። ባንክ እምቢ ካለ ክሬዲት ዩኒየን የሚባሉ አሉ፤ እንደ እኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር በአባላት የተያዙ ናቸው፣ ለአዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ፊት ያሳያሉ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት ወር ሊሞላት ነው ብለውኛል። ሶሻሉ እስካሁን የት ሄደ?

ዲቪ የደረሰው ሰው በሚሞላው ዲኤስ-260 በሚባለው ቅጽ ላይ «የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ ወይ» የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ያለ ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ በሦስት ሳምንት ገደማ ካርዱ በፖስታ ይመጣለታል። እዚህ ኢንተርኔት ቤት ቅጹን የሞላላት ልጅ «አይ» ብሎ አልፎት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ካርዱ መጥቶ ተመልሷል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው በአድራሻ ነገር አያድርስ ነው። እኛ «ከገብርኤል ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ባጃጅ ተራው ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ብለን ነው የኖርነው። እዚያ ደዋይ የለም። የአፓርታማው ቁጥር ከጎደለ ደብዳቤው ጎደለ። የፖስታ ሳጥኑ ላይ የወንድምዎ ስም ብቻ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ሲያይ «እዚህ እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

መፍትሔው አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። ሙሉ ስሟን ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ጽፋ ሳጥኑ ላይ ትለጥፍ። ከዚያ ፓስፖርቷን ይዛ በአቅራቢያዋ ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ትሂድና ካርዱ ታትሞ እንደሆነ ትጠይቅ። ካልታተመ እዚያው ታመልክት። ነፃ ነው፤ «ላስጨርስልሽ» የሚል ሰው ካለ አንድ ዶላር እንዳትሰጥ። ካርዱ ሲመጣ ደግሞ ቤት ይቀመጥ እንጂ በቦርሳ አይዙር፤ ምትክ የሚሰጠው በዓመት እስከ 3፣ በዕድሜ ልክ እስከ 10 ጊዜ ብቻ ነው። ግሪን ካርዱም በዚያው ሳጥን ነው የሚመጣው። እስኪመጣ ድረስ ፓስፖርቷ ውስጥ ያለው ቪዛ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ከተመታበት ማኅተም ጋር፣ ከገባችበት ቀን አንሥቶ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ባንክ ስትሄድ ያንን ገጽ ራሷ ገልጣ ታሳይ፤ ሁሉም ሠራተኛ አያውቀውም።

ስሟን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እኛ በራሳችንና በአባታችን ስም ነው የምንጠራው። እነሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ይሉታል፣ ያ ደግሞ በአብዛኛው አያት ሆኖ ይገኛል። ልጅዎ መሥሪያ ቤቷ ስሟን ሲጠይቃት እንደለመደችው የራሷንና የአባቷን ተናግራ ከሆነ ቼኩ በአባቷ ስም ይወጣል፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን መጨረሻ ያለው አያቷ ነው። ለባንኩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤቷን የደመወዝ ክፍል ዛሬውኑ እንዲያስተካክሉላት ትጠይቅ። የፊደል አጻጻፉም እንደዚያው፦ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ጊዜ የተደገመ ፊደል ካለ ሁሉም ቦታ ይደገም፣ ስሕተት ቢመስልም ይደገም። የትውልድ ቀኗን ስትጽፍ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ እሷ ጁላይ 3 ለማለት 3/7 ብትጽፍ እነሱ ማርች 7 ብለው ያነቡታል። በእኛ አቆጣጠርማ ከጻፈችው በሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እዚህ ተራው ሰው የቁጠባ ደብተር ነው የሚያወጣው፤ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ የነጋዴ ነው እንላለን። እዚያ ግን ደመወዝ የሚገባበት፣ ካርድ የሚሠራበት፣ ኪራይ የሚከፈልበት «ቼኪንግ» የሚሉት ነው። መጀመሪያ እሱን ትክፈት፤ ቁጠባው ይደርሳል። ስትከፍት ሁለት ጥያቄ ጠይቃ መልሱን በወረቀት ትያዝ። አንደኛው «በወር ስንት ትቆርጣላችሁ፣ እንዳይቆረጥስ ምን ላድርግ» የሚለው ነው፤ ደመወዝ በቀጥታ ከገባ ወይም የተወሰነ ገንዘብ ከተቀመጠ ብዙዎቹ ይተዉታል።

ሁለተኛው ኦቨርድራፍት የሚሉት ነው፣ እሱ ላይ ቆም ልበል። እዚህ ሒሳብዎ ውስጥ 200 ብር ካለና 300 ልክፈል ቢሉ ማሽኑ እምቢ ይልዎታል፣ ተሸማቀው ይሄዳሉ፣ አለቀ። እዚያ ግን ባንኩ ጎደሎውን ከፍሎልዎት ለውለታው ያስከፍልዎታል። እኔ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሒሳቤ ባዶ መሆኑን ሳላውቅ፣ አራት ዶላር የማትሞላ ቡናና ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ካርድ ገዛሁ። ለእያንዳንዳቸው 35 ዶላር ተቆረጠብኝ። የሰባ ዶላር ብርድ ያን ቀን ነው የገባኝ። በኋላ እንደተረዳሁት በካርድ ለሚደረግ ግዢ ባንኩ ይህን ማድረግ የሚችለው ደንበኛው አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ ነው፤ እኔ ሒሳቡን ስከፍት «አገልግሎቱን ይፈልጋሉ?» ሲሉኝ፣ አገልግሎት መስሎኝ፣ አዎ ብዬ ፈርሜ ነበር። ልጅዎ «አልፈልግም» ትበል። «ባንክ ኦን» የሚባል መለኪያ ያለፉ ሒሳቦች ደግሞ ይህ ቅጣት ጭራሹን የላቸውም፤ መክፈቻቸውም 25 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። ባንኩ እንዲህ ያለ ሒሳብ እንዳለው ትጠይቅ።

ገንዘቡ ይጠፋ ይሆን ብለው አይስጉ። በሩ ላይ የኤፍዲአይሲ ምልክት ያለበት ባንክ ቢወድቅ እንኳ እስከ 250,000 ዶላር መንግሥት ዋስ ነው፣ ዜጋ መሆንም አይጠይቅም። ለክሬዲት ዩኒየንም ተመሳሳይ ዋስትና አለ።

እንግዲህ ወደ ወንድምዎ። እትዬ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት በእሱ ላይ አላውለውም። ሰውየው እህቱ ያሳደገችው ነው፤ የእህቱን ልጅ ቤቱ አስገብቷል፣ ባንክ በመለሳት ቀን ቼኳን ተቀብሎ መላ ፈልጎላታል። ይህ ደግነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በእሱ ሒሳብ እስካለ ድረስ በወረቀት የእሱ ነው። አበዳሪ ፍርድ ቤት ወስዶት ቢያሳግድበት የልጅዎም አብሮ ይታገዳል። እሱ ሳያስበው ሒሳቡ ቢጎድል ባንኩ የማን ብር ነው ብሎ አይለይም። ሰው ነውና ክፉ ቢደርስበት ደግሞ «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የኔ ነው» የምትልበት ማስረጃ የላትም። ነገ ቤት ልከራይ ስትልም አከራዩ የባንክ መግለጫ ይጠይቃታል፤ ስድስት ወር ሠርታ በስሟ አንድ ገጽ አይኖራትም።

«እንግዲያው በጋራ እንክፈት» ሊል ይችላል። እሱንም አልመክርም። በጋራ ሒሳብ ሁለቱም ሁሉንም ማውጣት ይችላሉ፤ አንደኛው ዕዳ ጥሎ ቢዘጋ ስማቸው አንድ ላይ ቼክስ ሲስተምስ የሚባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፣ ሌሎች ባንኮችም እሱን አይተው ሊመልሷት ይችላሉ። አገር ሳትለምድ በሰው ስሕተት ስሟ መበላሸት የለበትም።

ታዲያ ሳይቀየም እንዴት? ባንኩ የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቃታል። የቤት ኪራይ ውሉም መብራቱም በወንድምዎ ስም ነው። ከደመወዝ ቼኳ ጋር በሚሰጣት ቁራጭ ወረቀት ላይ አድራሻዋ ካለ ሊረዳት ይችላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን እሱ ራሱ ውሉን ይዞ አብሯት ቢሄድ ነው። ስለዚህ እርስዎ ደውለው «ልጄን ባንክ ይዘህልኝ ሂድ፤ ያንተ ቤት እንደምትኖር የሚመሰክርላት ካንተ ሌላ ማን አላት?» ይበሉት። «ገንዘቧን ልቀቅላት» አይበሉ፤ ያቺ ቃል ከወጣች አትመለስም። እሱ ወስዷት ከተከፈተ ያስከፈተላት እሱ ነው፣ ለዘመድ የሚያወራውም እሱ ነው። እስካሁን በእሱ ዘንድ ያለውን ደግሞ ሒሳቡ በተከፈተ ማግስት በአንድ ቼክ ይጻፍላት፤ በጥሬው እየቆነጠሩ መመለስ ሲቆይ ያቀያይማል።

ዕቁቡንም እንዲሁ። ዕቁብ አዲስ ሰው ሲያስገባ ዋስ ይጠይቃል፤ ወንድምዎ «በስሜ ትግባ» ያለው ይህን አስቦ ይመስለኛል። በስሙ ከምትገባ ዋስ ይሁናት፣ እሷ በራሷ ስም ትጻፍ፣ ዕጣውም በስሟ ይውጣ።

ይህን ካነሣን ስለ ዕቁብ ገንዘብ ማወቅ ያለባት ትልቅ ነገር አለ፣ እዚያ ለብዙ ዓመት የኖሩትም ይሳሳቱበታል። ሃያ ሰው 600 ዶላር እየጣለ ዕጣው ሲደርሳት 12,000 ዶላር በጥሬው ትቀበላለች እንበል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ቀን ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ክስ አይደለም፤ ቅጽ ነው፣ ተሞልቶ ይቀመጣል። ሰው ግን ይፈራና «ዛሬ አራት፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ ሰኞ አራት» እያለ ይከፋፍለዋል። ወንጀሉ ያ ነው። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል፣ ገንዘቡ የላብ ቢሆንም፣ በራሱ በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል፣ ገንዘቡም ሊወረስ ይችላል። አስበው ያውቃሉ? ንጹሕ ሰው ንጹሕ ገንዘቡን ፈርቶ በመደበቁ ይያዛል። ስለዚህ ሙሉውን አንድ ጊዜ ታስገባ። «ከየት መጣ?» ቢሏት የዕቁብ ነው ትበል፤ የአባላቱን ስምና የጣለችበትን ቀን የያዘ ደብተር ይኑራት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ልመና ይመጣባታል፤ ከሦስት ወር አይዘልም፣ ይመጣል። አንድ የአገር ልጅ «ዶላሩን በሒሳብሽ ላስገባ፣ አንቺ ለእገሌ አስተላልፊ፣ እናትሽ ሐዋሳ ላይ ብሩን በእጇ ትቀበላለች» ይላታል። እምቢ ትበል። ያለ ፈቃድ የሰው ገንዘብ ማስተላለፍ በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ስሟ ያለው ደግሞ ሒሳቡ ላይ ነው። እርስዎም እዚህ በመንገድ ሰው ብር አይቀበሉ። ድሮ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ያጓጓ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው የባንኩ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አልፏል። በሕጋዊ መንገድ ስትልክልዎ ደግሞ የስልክ መተግበሪያዎቹ በራሷ ስም ያለ ካርድ ወይም ሒሳብ ይጠይቋታል። እስካሁን በአጎቷ በኩል ነው የላከችልዎ ብዬ እገምታለሁ።

ለልጅዎ ጥቂት ነገር በፍጥነት። ካርዱና የይለፍ ቁጥሩ በዚያችው የፖስታ ሳጥን ነው የሚመጡት፣ ለየብቻ። የይለፍ ቁጥሩን ለማንም አትስጪ፣ ለአጎትሽም፤ ቢጠይቅሽ ሳቂና እለፊው። ካርድ ከጠፋ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ከነገርሽ ሌባ በተጠቀመበት ላይ የሚደርስብሽ ኪሣራ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየሽ እስከ 500 ይደርሳል። የማታውቂው ሰው ቼክ ልኮ «አስገቢና ግማሹን መልሺልኝ» ካለሽ ቼኩ ውሸት ነው። ገንዘቡ ሒሳብሽ ላይ ቢታይም ባንኩ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ይወስደዋል፣ የላክሽው ግን ካንቺ ይጎድላል። ሶሻሉ ሲመጣ ወደ ባንኩ ተመልሰሽ አስመዝግቢው። የእናትሽ የሐዋሳ ሒሳብ ላይ ፈራሚ ከሆንሽ ደግሞ አስታውሺ፦ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦችሽ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ተደምረው ከ10,000 ዶላር ካለፉ በየዓመቱ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው።

እትዬ፣ ከዚህ ሁሉ የማይቀጠረው የፖስታ ሳጥኑ ነው። ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ምግብ ቤቱን ዘግተው ሲቀመጡ፣ እዚያ ገና ቀትር ነው። ይደውሉና መጀመሪያ ወንድምዎን ያነጋግሩ፤ ከእሱ በኋላ ልጅዎን፣ ስሟ ሳጥኑ ላይ አለ ወይ ብለው ይጠይቋት።